የእጅ ሰዓት ስለ ልብ ሲመሰክር

እርሱ፦ እኅቴ ሆይ፤ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ የአፕል የእጅ ሰዓት የልብን ምት መዛባት በእውነት ይለይ እንደ ሆነ ለመመርመር በአሜሪካ 419,297 ሰዎችን መዝግበው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ውጤት ሳነብ፣ ከቍጥሩ ብዛት ይልቅ የፈተናው ሥርዓት ልቤን ነካው።

እርስዋ፦ እስቲ ሥርዓቱን ለአድማጮቻችን ያብራሩልን።

እርሱ፦ ሰዓቱ በአረንጓዴ ብርሃን ከቆዳ በታች የሚመላለሰውን ደም እየተከታተለ፣ በምትና በምት መካከል ያለው ጊዜ ደጋግሞ ሲዘበራረቅበት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ማስጠንቀቂያ ለደረሰውም ሰው፣ ደረት ላይ ተለጥፎ እስከ 7 ቀን ድረስ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግብ መሣሪያ ይላክለት ነበር። ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.52 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ መዝገባቸው ከተመረመረው 450 ሰዎች መካከል የምት መዛባቱ ሕመም የታየባቸው 34 ከመቶ ናቸው።

እርስዋ፦ ታዲያ የቀሩት በከንቱ ደነገጡ?

እርሱ፦ እንዲያ ለማለት አይቻልም፤ ሕመሙ መጥቶ የሚሄድ ነውና። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ በሰውነት ላይ ሳሉ ግን፣ ከሰዓቱ ማስጠንቀቂያ 84 ከመቶው በደረቱ መዝገብ ተረጋግጧል።

እርስዋ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ዝም ያላቸው ሰዎች ነገር ነው፤ እነርሱ በልጥፉ ስላልተፈተኑ፣ ዝምታው የጤንነት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ደግሞም ይህ የምት መዛባት ሊያመጣው የሚችለው ስትሮክ እጅግ የሚያሰጋቸው አረጋውያን በጥናቱ ውስጥ ጥቂቶች ነበሩ፤ ጥቁር ቆዳም አረንጓዴውን ብርሃን አብዝቶ ስለሚውጥ፣ መሣሪያው በየቆዳው ቀለም፣ ሰው ሲራመድና ሲሠራም ጭምር ሳይፈተን ሐኪም መድኃኒት እንዲያዝበት አልፈቅድም።

እርሱ፦ ከዚህ ፍርድዎ ጋር ፈጽሜ እስማማለሁ።