ወንበሩን ማን ለማን አወረሰ?
ስለ ቴክሳስ ዩኒቨርስቲ የቤዝቦል አሠልጣኞች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የንግግራችን ርእስ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ «ምነው ሌላ ነገር ጠፋ?» ያሉን ብዙዎች ናቸው። አልጠፋም። ይህን የመረጥንበት ምክንያት በጨዋታው ታሪክ ውስጥ እኛን ተማሪዎችን የሚነካ ጥያቄ ስላገኘንበት ነው። ይኸውም በአንድ ዩኒቨርስቲ ውስጥ አንድ ወንበር ካንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሚወረሰው ዕውቀቱ ብቻ ነውን? ወይስ የተዘጋውም በር አብሮ ይወረሳል?

ጨዋታውን ለማያውቁት ባጭሩ እንናገር። ካንዱ ወገን አንድ ሰው ኳስ ይወረውራል፤ ከሌላው ወገን አንዱ በዱላ ይመታል፤ መቺውም አራቱን ማእዘን ዞሮ ወደ ተነሣበት ከተመለሰ ነጥብ ይቈጠርለታል። የቀረውን ሕግ ለማስረዳት ሌላ ስብሰባ መጥራት ሊያስፈልግ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑንም ከወዲሁ እናስታውቃለን።

በኦስቲን ከተማ ባለው በቴክሳስ ዩኒቨርስቲ ከ1911 በፊት የቤዝቦል አሠልጣኞች ቶሎ ቶሎ ይለዋወጡ ነበር። በዚያ ዓመት ሚስተር ቢሊ ዲሽ ተቀጠሩ። እኒህ ሰው ቀድሞ እዚያው ከተማ በቅዱስ ኤድዋርድ ኮሌጅ ያሠለጠኑ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ እስከ 1939 ድረስ ወንበሩን አልለቀቁም። ተማሪዎቹ «አጎቴ ቢሊ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ ከሃያ ያላነሰ ጊዜም የአካባቢያቸውን ሻምፒዮና ወስደዋል። ከ1928 ጀምሮ የተጫወቱበት ክላርክ ፊልድ የሚባለው ሜዳ ራሱ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነው። በመካከለኛው ሜዳ ጫፍ የኖራ ድንጋይ ገደል ነበረበት፤ ኳሱ ወደዚያ ሲሄድ ጠባቂው እንደ ፍየል በቀጭኑ መንገድ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። ስፍራውንም «የፍየል ኮረብታ» ይሉት ነበር። የቤቱ ልጅ መንገዱን ያውቀዋል፤ እንግዳው ግን ገደሉ ሥር ቆሞ ኳሱን ከታች ያያል!

ሚስተር ዲሽ ካሠለጠኗቸው ተማሪዎች አንዱ የኦስቲኑ ተወላጅ ቢብ ፎልክ ነበሩ። በ1920 ከኮሌጁ ወጥተው በቀጥታ ቺካጎ ዋይት ሶክስ ለሚባለው የባለሙያዎች ቡድን ተቀጠሩ። ያን ጊዜ ደግሞ ታላቅ ቅሌት ተገለጠ። በ1919 የዓለም ሻምፒዮና ጨዋታ ላይ ሆን ብሎ ለመሸነፍ ከቁማርተኞች ጋር ተስማምታችኋል ተብለው ስምንት ተጫዋቾች ታገዱ። ከታገዱትም አንዱ ዝነኛው ጆ ጃክሰን ነበር፤ በግራ ሜዳ የእርሱን ስፍራ የወረሱት ወጣቱ ፎልክ ናቸው። ሌላው ሰው ያዋረደውን ስፍራ ገና በሃያ አንድ ዓመት ዕድሜ ተቀብሎ መቆም ቀላል አልነበረም። ፎልክ ግን እስከ 1931 በቺካጎና በክሊቭላንድ ተጫውተው ስማቸውን አስከብረዋል።

በ1940 የመምህራቸውን ወንበር ተረከቡ። በጦርነቱ ዘመን ከ1943 እስከ 1945 ሚስተር ብሌር ቼሪ ቦታውን ጠበቁላቸው፤ ከዚያም ተመልሰው እስከ 1967 ቈዩ። ምላሳቸው እንደ ኮሶ የመረረ ነበር ይባላል። በተጫዋችነታቸው ዘመን ተጋጣሚን በንግግር ማናደድ ልማዳቸው ስለ ነበረ «ጆኪ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል። በ25 የጨዋታ ዓመት 20 ጊዜ የአካባቢውን ሻምፒዮና ወሰዱ። የአገሩን ኮሌጆች ሁሉ ሻምፒዮና ደግሞ በ1949 በዊቺታ፣ በ1950 በኦማሃ አሸነፉ፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ሌላ ቡድን እስከዚያ ድረስ አልነበረም። በ1950ው ውድድር ጂም ኤርለር የተባለው ወርዋሪ ተፍትስ የሚባለውን ኮሌጅ አንድ ሰው እንኳ ኳሱን መትቶ በደኅና እንዳይደርስ አድርጎ አሰናበታቸው።

እዚህ ላይ ግን ጥቂት ቆም ማለት አለብን። ይህ ድል የተገኘው በጁን 1950 ነው። በዚያው ወር፣ በ5ኛው ቀን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሔማን ስዌት የተባለውን ጥቁር ሰው ይኸው ዩኒቨርስቲ በሕግ ትምህርት ቤቱ እንዲቀበለው ፈርዶ ነበር። ስዌት ማመልከቻውን ያቀረበው በ1946 ነው፤ በቀለሙ ምክንያት ተከልክሎ አራት ዓመት ተሟገተ። ዩኒቨርስቲው እርሱን ከመቀበል ይልቅ ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን ሌላ የሕግ ትምህርት ቤት ማቋቋም ቀልሎ ታይቶት ነበር። እንግዲህ አንዱ ግቢ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ወሬ ነበረው። አንዱ በኦማሃ የተወሰደው ዋንጫ ነው፤ ሁለተኛው በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተከፈተው በር ነው። የስፖርቱ ታሪክ ጸሓፊዎች ብዙውን ጊዜ የሚያወሱት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የስዌት በር ቢከፈትም የሜዳው በር አልተከፈተም። ጥቁሮች በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት የተቀበሏቸው በ1956 ነው፤ በዩኒቨርስቲው ቡድን መጫወት ግን የተፈቀደላቸው የበላይ ቦርዱ በኖቬምበር 1963 ከወሰነ በኋላ ነው። በመካከሉ ሥራ ፈትተው ያልተቀመጡት ተማሪዎቹ ናቸው። በ1960 መጨረሻና በ1961 መጀመሪያ ነጭና ጥቁር ተማሪዎች አብረው በግቢው አጠገብ ባሉት ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ እየተሰለፉ፣ ለጥቁሩም ቲኬት ይሸጥለት እንደ ሆነ እየጠየቁ፣ አልሸጥም ሲባሉ እንደገና ወደ ሰልፉ መጨረሻ እየተመለሱ ባለሲኒማዎቹን አስጨነቁ።

በሩን የዘጉት አሠልጣኞቹ ናቸው አንልም፤ ደንቡ የበላዮቹ ነበረ። ሆኖም ሚስተር ዲሽና ሚስተር ፎልክ ምርጥ ተጫዋች ለይቶ የማወቅ ዓይን ነበራቸው እየተባለ ሲመሰገን፣ ያ ዓይን እንዲያይ የተፈቀደለት ከአገሩ ልጆች ከፊሉን ብቻ እንደ ነበረ አብሮ መነገር አለበት። ይህን ስንል ድላቸውን ለመቀነስ አይደለም፤ ቍጥሩ ምን እንደሚለካ ለማወቅ ነው እንጂ።

በ1968 ሦስተኛው ሰው መጡ። ሚስተር ክሊፍ ጋስታፍሰን በ1952 ኦማሃ በደረሰው ቡድን ውስጥ በፎልክ ሥር የተጫወቱ፣ ከዚያም በሳን አንቶኒዮ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምረው ሰባት ጊዜ የቴክሳስን ሻምፒዮና ያሸነፉ ናቸው። እንግዲህ ዲሽ ፎልክን አስተማሩ፤ ፎልክ ጋስታፍሰንን አስተማሩ። ከ1911 እስከ 1996 ባለው ጊዜ፣ የጦርነቱን ሦስት ዓመት ትተን፣ ወንበሩ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ኖረ። ይህን የመሰለ ሰንሰለት በሌላ ኮሌጅ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለንም።

ጋስታፍሰን 17 ጊዜ ኦማሃ ደርሰው በ1975ና በ1983 አሸንፈዋል። በ1983ው የፍጻሜ ጨዋታ አላባማን 4 ለ 3 የረታው ወርዋሪ ኋላ በዓለም የታወቀው ሮጀር ክሌመንስ ነው። ከ1,400 በላይ ጨዋታ አሸንፈው ሲሰናበቱ በታላላቆቹ ኮሌጆች ምድብ ብዙ ጊዜ ያሸነፉት አሠልጣኝ እርሳቸው ነበሩ። የፍየሉ ኮረብታም በዘመናቸው ቀረ፤ በ1975 «ዲሽ–ፎልክ» ተብሎ የተሰየመ አዲስ ሜዳ ተከፈተ። ሚስተር ፎልክ እስከ 1989 በሕይወት ስለ ነበሩ በስማቸው የተጠራውን ሜዳ በዓይናቸው ለማየት በቅተዋል። በዚሁ ሜዳ ከ1977 እስከ 1979 አንድሬ ሮበርትሰን ተጫወተ፤ እርሱም ከቡድኑ የመጀመሪያ ጥቁር ተጫዋቾች መካከል የሚቈጠር፣ ኋላም ለኒው ዮርክ ያንኪስ የተሰለፈ ልጅ ነው። ከቦርዱ ውሳኔ እስከ 1977 ስንት ዓመት እንዳለ ራሳችሁ ቍጠሩት።

ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። በ1997 የተሾሙት ሚስተር ኦጊ ጋሪዶ የካሊፎርኒያ ሰው ናቸው፤ በፉለርተን ኮሌጅ ሦስት ጊዜ የአገሩን ሻምፒዮና ካሸነፉ በኋላ መጡ። «እንግዳ ምን ያውቃል?» ያለ አልጠፋም፤ እርሳቸው ግን በ2002ና በ2005 አሸንፈው መለሱለት። ያም ሆኖ ስለ እርሳቸው ዘመን ስናስብ ከሁለቱ ዋንጫ ይልቅ የሚያሳስበን አንድ ሌሊት ነው። በሜይ 30 ቀን 2009 ቡድኑ ከቦስተን ኮሌጅ ጋር ተጋጠመ። ጨዋታው በዘጠኝ ዙር ማለቅ ሲገባው እስከ 25 ዙር ሄደ፤ ሰባት ሰዓት ፈጀ፤ ቴክሳስ 3 ለ 2 አሸነፈ። ኦስቲን ዉድ የሚባለው ወርዋሪ (ስሙ ከከተማይቱ ስም ጋር አንድ ነው) በመካከል ገብቶ 13 ዙር ቆመ፤ 169 ጊዜም ወረወረ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ልጁ «አልደከመኝም» ቢልስ የተማሪውን ክንድ የሚጠብቅለት ማን ነው? ዋና አሠልጣኝ የሚባለው ሰው ሥልጣኑ እስከዚህ ይደርሳል፤ የሌላውን ሰው ጅማት እስከ ማዘዝ። ድሉን እያደነቅን ትእዛዙን አንወድለትም።

ሚስተር ጋሪዶ በ2016 ከወንበሩ ተነሡ፤ በ2018 ዐረፉ። ሚስተር ዴቪድ ፒርስ ከ2017 እስከ 2024 ሦስት ጊዜ ኦማሃ ደረሱ፤ ዋንጫ ግን አላመጡም፤ ተሰናበቱ። ቀድሞ ሦስቱ ሰዎች ሰማንያ ሦስት ዓመት በተቀመጡበት ወንበር ላይ ስምንት ዓመት እንደ ረዥም ዘመን መቈጠር የጀመረ ይመስላል።

የተተኩትም ሚስተር ጂም ሽሎስናግል ናቸው። እርሳቸው የቀንደኛው ባላንጣ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም አሠልጣኝ ነበሩ። በጁን 24 ቀን 2024 ማታ በኦማሃ የፍጻሜውን ጨዋታ በቴነሲ ተሸነፉ፤ በማግሥቱ ወደ ኦስቲን መሄዳቸው ተሰማ። የተዋቸው ተጫዋቾች ሻንጣቸውን እንኳ ፈትተው የጨረሱ አይመስለንም። በ2025 ቡድናቸው አዲስ በገባበት በደቡብ ምሥራቁ ማኅበር የመደበኛውን ውድድር ሻምፒዮና በመጀመሪያው ዓመት ወሰደ። ከዚያ በኋላ በገዛ ቤቱ፣ በዲሽ–ፎልክ ሜዳ፣ ወደ ኦማሃ ሳይደርስ ተሸንፎ ቀረ። ያሸነፈውም ጋስታፍሰን በአስተማሩበት ከተማ ያለው፣ ታናሽ ወንድሙ የሚባለው፣ የሳን አንቶኒዮው ዩኒቨርስቲ ነው።