ማድመጥም ሥራ ነው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት አባል ያቀረበችው ንግግር)



ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህታችን ባለቤቷ ካረፈ በኋላ እንቅልፍ እንዳጣች፣ እህል አልወርድ እንዳላት አጫወተችኝ። እኔም ወዲያው «በርቺ እንጂ፣ ለልጆችሽ ስትይ እርሺው» አልኳት። እንባዋን ጠርጋ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ወደ ቁጠባ ስብሰባችን አልመጣችም። ምክንያቱን ስጠይቃት «አንቺ ፊት ማልቀስ ነውር መሰለኝ» አለችኝ። ስለ ምክር አገልግሎት እንድማር ያነሳሳኝ ይህ ቃሏ ነው። ታሪኩን የምነግራችሁም እሷው ፈቅዳልኝ ነው።

በትምህርቱ ውስጥ ብዙ መንገዶች አሉ። ዋና ዋናዎቹን በዚህች እህታችን ጉዳይ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው በቪየና ይሠራ የነበረው የሲግመንድ ፍሮይድ መንገድ ነው። የዛሬ ጭንቀት ሥሩ ብዙ ጊዜ በልጅነትና በተቀበረ ስሜት ውስጥ ነው ይላል። በዚህ መንገድ የሚሠራ ባለሙያ «ከዚህ በፊት ሳይለቀስለት የቀረ ሐዘን ነበረ?» ብሎ ይመረምራል። ጥልቅ ነው፤ ግን ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

ሁለተኛው የአሜሪካዊው ካርል ሮጀርስ ነው። እሱ ሰው የሚድነው ሲመከር ሳይሆን ሲደመጥ ነው የሚል እምነት ነበረው። ከአማካሪው ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ሳያስመስሉ እውነተኛ መሆን፣ ሳይፈርዱ መቀበል፣ ራስን በሌላው ቦታ አድርጎ መረዳት። እኔ በዚያን ቀን ሦስቱንም አጉድያለሁ።

ሦስተኛው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐኪሙ አሮን ቤክ የጀመረው ነው። ትኩረቱ ሳናስተውለው በአእምሯችን በሚመላለስ ሐሳብ ላይ ነው። እህታችን በልቧ «ቶሎ ሐኪም ቤት ባደርሰው ኖሮ አይሞትም ነበር፤ የገደልኩት እኔ ነኝ» ትል ነበር። አማካሪው «ተሳስተሻል» አይላትም። «ያን ቀን ምን ታውቂ ነበር? ይህ በጓደኛሽ ላይ ቢደርስ ምን ትያት ነበር?» እያለ ሐሳቧን ራሷ እንድትመዝነው ይረዳታል።

«ይህ ሁሉ ለተማሩ ባለሙያዎች ነው» ትሉ ይሆናል። የዚምባብዌን ነገር ስሙ። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ አንዲት ታካሚው እሱ ዘንድ የምትመጣበት መሳፈሪያ አጥታ ሕይወቷን ካጠፋች በኋላ፣ ሕክምናውን ወደ ሰፈር ለማውረድ ተነሳ። በ2006 እ.ኤ.አ. በሐራሬ ከተማ 14 አያቶችን አሠለጠነ። አያቶቹ በጤና ጣቢያው ግቢ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የመጣውን ያዳምጣሉ። ከዚያም ከችግሮቹ አንዱን አስመርጠው፣ በሚቻል ትንሽ እርምጃ እንዲጀምር ይረዱታል። እነሱም ሕመሙን የሚጠሩት እንደኛው «ሐሳብ ማብዛት» ብለው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት 573 ሰዎችን ያካተተ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የታየው በአግዳሚው ከተረዱት 14 በመቶ ያህሉ ላይ ሲሆን፣ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ግን በ50 በመቶ ያህሉ ላይ ነበር።

እኛም ቡና አለን፣ ዕድር አለን፣ መቀራረብ አለን። የሚጎድለን ሥልጠናና ምስጢር መጠበቅ ነው። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ የቁጠባ ቡድን ሁለት አድማጮች ይምረጥ። የተነገራቸውን ለቡና ጨዋታ ላለማድረግ ቃል ይግቡ። «መኖር አልፈልግም» የምትልን እህት ብቻዋን ሳይተዉ ወደ ጤና ተቋም ይዘዋት ይሂዱ።

ደጋፊዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለሥልጠናው ቀን ብቻ አትርዱን፤ በየወሩ አድማጮቹን ለሚከታተል ባለሙያም ክፍያ ይታሰብ። የሰው ሐዘን የምትሸከም ሴት የሷንም የሚያዳምጥላት ያስፈልጋታል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በሽታውን የሚገልጠው የሚሰማው ሲያገኝ ነው። ያቺ እህታችን ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች፤ ለአድማጭነት ስሟን መጀመሪያ ያስመዘገበችው እሷ ናት።