አዋጅ ያልነቀለው ስም



ኖቬምበር 21 ቀን 1849 ማኒላ ላይ የተቀመጠው የስፔን አገረ ገዢ ናርሲሶ ክላቬሪያ አንድ አዋጅ ፈረመ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ። አዋጁ በፊሊፒንስ ደሴቶች የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ መንግሥት ካሰናዳው ዝርዝር ውስጥ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ያዛል። አንድ ቤተሰብ ግን ስሙን ለአራት ትውልድ ይዞ መቆየቱን ካስረዳ፣ ስሙ የቅዱሳን ስም እንኳ ቢሆን፣ ለልጆቹ ማውረስ ይችላል። ከዚህ ምሕረት በግልጽ ተጠርተው የተገለሉ ስሞች አሉ። ከእነርሱ አንዱ «ደ ላ ክሩዝ» ነው። ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፤ ስሙን የሚጋራው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ማን ከማን እንደሚለይ አይታወቅም ነበር።

እነሆ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ አለፈ። በፊሊፒንስ እጅግ ከተለመዱት የቤተሰብ ስሞች ግንባር ቀደም ሆኖ የምናገኘው ያንኑ ደ ላ ክሩዝን ነው። እኛ ለምሳሌ የሚሆን ሰው ሲያስፈልገን አበበንና ከበደን እንደምንጠራ ሁሉ፣ ፊሊፒኖዎች ሁዋን ደላ ክሩዝን ይጠራሉ። የናሙና ቅጽ የሚሞላው በእርሱ ስም ነው፤ የጋዜጣ ካርቱን ሕዝቡን መሣል ሲፈልግ የሚሥለው እርሱን ነው። መንግሥት ሊያጠፋው ያሰበው ስም የአገሬው ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የዛሬው ንግግሬ ይህንኑ ይመረምራል።

ከሥሩ እንነሣ። የመካከለኛው ዘመን ስፔናውያን ስም አወጣጥ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የሮድሪጎ ልጅ ሮድሪጌዝ፣ የፈርናንዶ ልጅ ፈርናንዴዝ፣ የፔድሮ ልጅ ፔሬዝ ይባል ነበር። ልጁም በተራው ሲወልድ የአባት ስም ይለወጣል፤ በየትውልዱ ይታደሳል። ቀስ በቀስ ግን ይህ ተንቀሳቃሽ ስም ባለበት ቆመ። ርስት የሚያወርስ፣ ውል የሚዋዋል፣ ዕዳ የሚከፈለው ሰው በአያቱና በቅድመ አያቱ ስም መታወቁ ጠቀመው። የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ እስከ 1563 ባሳለፋቸው ውሳኔዎች ቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንድትይዝ ሲታዘዝ የቄሱ ብዕር ስሙን ይበልጥ አጸናው። በመጨረሻም የ1870ው የሲቪል መዝገብ ሕግ እያንዳንዱ ስፔናዊ አንድ ከአባቱ፣ አንድ ከእናቱ፣ ሁለት የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ደነገገ።

ደ ላ ክሩዝ ግን የአባት ስም ሆኖ አልተነሣም። ትርጉሙ «የመስቀሉ» ነው፤ ገብረ መስቀልና ኃይለ መስቀል ብሎ ልጅ ለሚሰይም ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ማብራራት አያሻም። ስፔን ውስጥ ቢያንስ ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው ቦታ ነው። በመንገድ ዳር የድንጋይ መስቀል ያልቆመበት የስፔን አውራጃ አይገኝም፤ ላ ክሩዝ የሚባሉ መንደሮችም ብዙ ናቸው። በዚያ አጠገብ የሚኖር ሰው በመስቀሉ ተጠርቶ ይቀራል። ሁለተኛው እምነት ነው። ከሌላ ሃይማኖት ተመልሶ የተጠመቀ፣ ወላጆቹ ያልታወቁ ሕፃን፣ ወደ ገዳም የገባ ሰው፣ እነዚህ ሁሉ የቀድሞ ስማቸው ቀርቶ ወይም ጭራሽ ሳይኖር የሃይማኖት ስም ይሰጣቸው ነበር። ስለዚህ ሁለት ደ ላ ክሩዞች ስፔን ውስጥ እንኳ ቢገናኙ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ መጠርጠር መሠረት የለውም።

ስሙን በዓለም ያስጠሩት ሁለቱ ታላላቅ ሰዎች ራሳቸው ከዚህ ሁለተኛው ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ባለቅኔውና ባሕታዊው ሁዋን ደ ላ ክሩዝ በትውልዱ ሁዋን ደ ዬፔስ ነበር፤ አዲሱን ስም የያዘው በ1568 የቀርሜሎስን ማኅበር ሲያድስ ነው። በሜክሲኮ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተነሣችው ባለቅኔ ሶር ሁዋና ኢኔስ ደ ላ ክሩዝም ስሙን ያገኘችው ከገዳም ነው። አንዱ መነኩሴ፣ አንዷ መነኩሲት፤ ሁለቱም ልጅ አልተዉም። ከእነርሱ ወረድን የሚል ቤተሰብ ካጋጠማችሁ በትሕትና ፈገግ ብሎ ማለፍ ይሻላል።

አሁን ባሕሩን እንሻገር። በ1552 በሜክሲኮ ከተማ፣ በትላቴሎልኮ በሚገኘው የቅዱስ መስቀል ኮሌጅ፣ አንድ የናዋ ሕዝብ ተወላጅ የሆነ ሐኪም የአገሩን የመድኃኒት ዕፀዋት የሚዘረዝር ድንቅ መጽሐፍ አዘጋጀ። ሁዋን ባዲያኖ የተባለ ሌላ የአገሬው ተወላጅ ወደ ላቲን መለሰው። መጽሐፉ ወደ አውሮፓ ሄዶ በቫቲካን ከቆየ በኋላ በ1990 ወደ ሜክሲኮ ተመለሰ። የሐኪሙ ስም ማርቲን ደ ላ ክሩዝ ነበር። ዓመቱን ልብ በሉ፤ ባሕታዊው ሁዋን ስሙን ከመያዙ ከ16 ዓመት በፊት ነው። ማርቲን የስፔን ደም አልነበረበትም፤ የነበረው የስፔን ጥምቀት ነው።

እንግዲህ የስሙ ሞተር ይኸው ነው። በአንድ ቀን ብዙ ሰው የሚያጠምቅ መነኩሴ ለእያንዳንዱ የዘር ሐረግ የሚፈጥርበት ጊዜም ፍላጎትም የለውም። አንዱን ደ ላ ክሩዝ፣ አንዱን ደ ሎስ ሳንቶስ፣ አንዱን ደ ሎስ ሬዬስ ይለዋል፤ የመስቀሉ፣ የቅዱሳኑ፣ የነገሥታቱ ማለት ነው። ወንድማማቾች የተለያየ ስም፣ ባዕዳን አንድ ስም ይይዛሉ። በባርነት የመጡ አፍሪካውያንም በዚሁ መንገድ ተሰይመዋል። በቅኝ ግዛቱ መዝገብ ላይ እንዲህ ያለው ስም ብዙውን ጊዜ የሚመሰክረው ባለስሙ በስፔናውያን ዘንድ የሚቆጠር የዘር ሐረግ የሌለው መሆኑን ነው። ዛሬም በሜክሲኮ ስሙ ጎልቶ ከሚታይባቸው ግዛቶች አንዷ በደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ታባስኮ ናት፤ በዶሚኒካን ሪፐብሊክም የተለመደ ነው። የቤዝቦል ተከታታይ ከሆናችሁ ለሲንሲናቲ ሬድስ የሚጫወተውን ወጣት ዶሚኒካዊ ኤሊ ደ ላ ክሩዝን ታውቁታላችሁ።

ስፔናውያን ፊሊፒንስን መያዝ የጀመሩት በ1565 ሲሆን፣ ከዚያው ዓመት ጀምሮ እስከ 1815 ድረስ የማኒላና የአካፑልኮ መርከቦች ሁለቱን ቅኝ ግዛቶች አገናኝተዋል። ከብሩና ከሐሩ ጋር የአሰያየም ልማዱም ተሻገረ። ቀድሞ የደሴቶቹ ሰው በአንድ ስም ይጠራ ነበር፤ ልጅ ሲወልድ ደግሞ የእገሌ አባት ይባላል። ከጥምቀት በኋላ ክርስቲያናዊ ስም ተጨመረ፤ አዲሶቹ ክርስቲያኖች ደስ ያላቸውን የቅዱሳን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ያዙ። ከአዋጁ 8 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1841፣ በታያባስ ግዛት የተገደለው የሃይማኖት መሪ አፖሊናሪዮ ደ ላ ክሩዝ ይባላል። የአገሬው ተወላጅ በመሆኑ ወደ ምንኩስና አትገባም ተብሎ የተመለሰ፣ የራሱን የቅዱስ ዮሴፍ ማኅበር የመሠረተ፣ ሺዎችን ያስከተለ ሰው ነው። መስቀሉን በስሙ ተሸክሞ ከቤተ ክርስቲያኒቱ በር የተገፋ ሰው፤ ስለ ስሙና ስለ ቅኝ አገዛዙ ከብዙ ሰነድ ይልቅ ይህ ሕይወት ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

ክላቬሪያ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነበር። በ1844 ወደ ሥልጣን እንደመጣ የፊሊፒንስ የቀን አቆጣጠር ከእስያ ጎረቤቶቿ በአንድ ቀን ወደኋላ መቅረቱን አይቶ፣ የዚያን ዓመት ዲሴምበር 31 ከካሌንደሩ ላይ ሰረዘው። ሰኞ ዲሴምበር 30 ያደረ ሰው የነቃው ረቡዕ ጃንዋሪ 1 ቀን 1845 ነው። ማክሰኞን መሰረዝ የቻለ ሰው ደ ላ ክሩዝን መሰረዝ ያቅተኛል ብሎ ለምን ያስባል?

ጭንቀቱ ግን ከንቱ አልነበረም። ግብር ሰብሳቢው ግብር ከፋዩን አያገኘውም፤ ዳኛው ተከሳሹን ከስመ ሞክሼው አይለይም፤ ቄሱ ሊጋቡ የመጡት ሁለት ደ ላ ክሩዞች ዘመዳሞች ይሁኑ አይሁኑ አያውቅም። ስለዚህ 60 ሺህ ያህል ስም የያዘ በፊደል ተራ የተደረደረ ካታሎግ ታተመ። የስፔን የቤተሰብ ስሞች ብቻ አልነበሩም፤ የአገሬው ቃላት፣ የዕፀዋት፣ የማዕድናት፣ የቦታዎችና የሙያ ስሞችም ገብተዋል። ገጾቹ እየተከፋፈሉ ለየግዛቱ፣ ከዚያም ለየከተማው ተላኩ፤ የየሠፈሩ አለቃ ባለበት የቤቱ አባወራ ስም ይመርጣል ወይም ይመረጥለታል። መምህራን ሳይቀሩ ተማሪዎቻቸውን በቤተሰብ ስም ብቻ እንዲጠሩ ታዘዙ።

የዚህ ሥራ አሻራ በአልባይ ግዛት ዛሬም ይታያል። ፊደሉ በካርታው ላይ ተዘርግቷል ማለት ይቻላል፤ የግዛቱ ዋና ከተማ ሰዎች ስማቸው በላቲኑ «ኤ» ይጀምራል፣ በባሕሩ ዳርቻ ሲወርዱ «ቢ» እና «ሲ» ይከተላሉ። ኦዋስ የምትባለው ከተማ «አር» ደርሷታል፤ እዚያ የተወለደን ሰው በስሙ መጀመሪያ ፊደል ብቻ መለየት የሚችሉ አሉ። ከስፔን ጋር ምንም የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ሚሊዮኖች የስፔን ስም የያዙት በአብዛኛው በዚህ አዋጅና ከእርሱ በፊት በነበረው ጥምቀት ነው። የስፔናውያን ደቂቅ ናቸው የሚለው አጉል ግምት ግን በቀላሉ አልሞተም። የብሔራዊው ጀግና የሆሴ ሪዛል ቤተሰብ ሳይቀር መርካዶ እየተባለ ኖሮ ሪዛል የሚለውን የጨመረው በዚሁ ዘመን ነው።

ታዲያ ደ ላ ክሩዝ እንዴት ተረፈ? አንደኛ፣ አዋጅ ማውጣትና አዋጅ መፈጸም ለየቅል ናቸው። አዲሱን ስም የሚጽፈው የደብሩ ቄስ ነው፤ ቄሱ ደግሞ የባለስሙን አያትም አባትም በደ ላ ክሩዝነት መዝግቦ የቀበረ ሰው ነው። አፈጻጸሙ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ በአልባይ ጥብቅ ሲሆን በሌላው ልል ነበር። ሁለተኛ፣ በማኒላ ዙሪያ በማዕከላዊ ሉዞን ክርስትና ቀድሞ ሥር የሰደደ በመሆኑ የቅዱሳን ስሞች ትውልድ ቆጥረዋል፤ ዛሬም ደ ላ ክሩዝ፣ ሳንቶስ፣ ሬዬስና ባውቲስታ በብዛት የሚሰሙት በዚያው ነው። ሦስተኛውን ምክንያት ሰነድ ላይ አላነበብኩትም፤ የራሴ ፍርድ ነው። በየግንቦቱ ንግሥት እሌኒ መስቀሉን ያገኘችበትን ታሪክ በሰልፍ እያሳየ የሚያከብር ሕዝብ፣ ይህን ደመራ ለሚደምር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ የመስቀሉን ስም ግብር ሰብሳቢ ተቸገረ ብሎ አይጥልም።

አሜሪካኖች በ1898 ስፔንን ተክተው ሲገቡ ስሙ አዲስ ሕይወት አገኘ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፊሊፒንስ ፍሪ ፕሬስ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ስኮትላንዳዊው ሮበርት መከለክ ዲክ በፖሊስና በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሁዋን እና ደ ላ ክሩዝ የሚሉት ስሞች መደጋገማቸውን አስተዋለ። ከዚያ ተራውን ፊሊፒኖ የሚወክለው ሁዋን ደላ ክሩዝ ተወለደ፤ ሠዓሊዎችም ሰፊ ባርኔጣና ነጠላ ጫማ አልብሰው ሣሉት። መጀመሪያ የነበረበት ፌዝ ከጊዜ በኋላ ጠፋ፤ ሕዝቡ ገጸ ባሕርይውን ወረሰው።

ከዚያ በኋላ ስሙን የተሸከመው መርከብና አውሮፕላን ነው። በ1906 የመጀመሪያዎቹ 15 ፊሊፒኖ ሠራተኞች ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ሃዋይ ደረሱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተከተሏቸው፤ ካሊፎርኒያም ገቡ። ከ1974ቱ የሠራተኛ ሕግ ወዲህ ደግሞ የማኒላ መንግሥት ዜጎቹን በይፋ ወደ ውጭ መላክ ጀመረ። ደላ ክሩዝ በሪያድ ሆስፒታል ነርስ፣ በዱባይ ሆቴል አስተናጋጅ፣ በቤይሩት ቤት ውስጥ ከኢትዮጵያዊቷ እህታችን ጎን የቤት ሠራተኛ ነው። በእነዚያው ከተሞች ዲክሩዝ የሚባሉ ሕንዳውያንም አሉ፤ እነርሱ ግን ከጎዋና ከማንጋሎር የመጡ፣ ስማቸውን ከፖርቱጋሎች ጥምቀት ያገኙ ናቸው። ሁለቱን አንድ ማድረግ ስሕተት ነው።

ስለ ስርጭቱ ቁጥር የሚጠቅስ ሰው አስቀድሞ ስሙ እንዴት እንደተጻፈ ይጠይቅ። ስፔናዊው «ደ ላ»ን ለይቶ ይጽፋል፤ በቤተ መጻሕፍቱም ስሙን የሚፈልገው በክሩዝ ሥር ነው። ፊሊፒኖው «ደላ» ብሎ ያጣምራል፤ በ«ዲ» ሥር ይፈልገዋል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ክፍተቱን ሁሉ አጥፍቶ አንድ ቃል ያደርገዋል። ኢትዮጵያዊው በባዕድ አገር ቅጽ ላይ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ሲሞላ የሚገጥመው ዓይነት ግራ መጋባት፣ በዚህኛው በኩል በ«ደ ላ» ላይ ይደርሳል፤ «ደ ላ»ን የመካከለኛ ስም አድርጎ የሚመዘግብ ጸሐፊ አይጠፋም።

በጓም ደሴት፣ እርሷም እስከ 1898 የስፔን በነበረችው፣ የስሙ አጭር ቅርጽ ክሩዝ እጅግ የተለመደ ነው። ክላቬሪያን ያስጨነቀው ችግር እዚያም ደርሷል። የደሴቲቱ ቻሞሮዎች ግን አገረ ገዢ አላስፈለጋቸውም፤ ለየቤተሰቡ ቅርንጫፍ የቅጽል ስም አወጡ። አንድ ክሩዝ ከሌላ ክሩዝ ሲተዋወቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ከየትኛው ቤት ነህ የሚል ነው፤ መልሱም በየትኛውም መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ሁለቱ ዘመዳሞች መሆን አለመሆናቸውን ወዲያው ያሳውቃል።