የኅዳር መረብ በጣና
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



በጣና ኅዳር ጥሩ የማስገሪያ ወር ነው። ዝናቡ ቆሟል፤ እንቁላል ሊጥል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥቶ የነበረው ነጭ ዓሣ ወደ ሐይቁ ተመልሷል። ማታ የተዘረጋው መረብ ጠዋት ነፋሱ ሳይበረታ ይነሳል።

ጉዳቱ የሚደርሰው ከዚያ በፊት ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ዓሣው ወንዝ አፍ ላይ ስለሚሰበሰብ አንድ መረብ ብዙ ይይዛል፤ የሚያዘው ግን እንቁላል የተሸከመው ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ በጥናት ታይቷል። አብዛኞቹ ዝርያዎች ደግሞ ከጣና ሌላ የትም አይገኙም።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። ነገር ግን ባለታንኳውን ብቻ መውቀስ አይገባም። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከዳር ብዙ አይርቅም፤ ለእርሱ የሚቀርበው ወንዝ አፉ ነው። ባለሞተር ጀልባውስ ምን ምክንያት አለው?

እንግዲህ በእነዚያ ሦስት ወራት የማኅበር ጀልባዎች ከወንዝ አፍ ይራቁ፤ ባለታንኳውንም በተራ አሳፍረው ወደ ሐይቁ ውስጥ ይውሰዱት። የተራው ዝርዝር ሐምሌ ሳያልቅ በየማኅበሩ ይዘጋጅ።