ለራዲያተር የሚሆን አየር መንገድ

(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የንግግሬን ርዕስ ያያችሁ ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም። የማወራው ከላሜራና ከፋይበርግላስ ስለሚሠራ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ስለማይሞላ ቦይ ነው። ሥራው አየር ተቀብሎ ወደ ራዲያተር ማድረስና መልሶ ማስወጣት ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም በግል የሚሠራ አውሮፕላን ላይ ውሃ የሚያቀዘቅዘው የመኪና ሞተር ከተገጠመ፣ አብራሪው በሰላም ወደ ቤቱ መመለሱ በዚህ ቦይ ላይ ሊወሰን ይችላል።

አሜሪካን አገር አንድ ሰው ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብሎ ከግማሽ በላይ ሥራውን ራሱ የሠራውን አውሮፕላን አስመርምሮ ማብረር ይፈቀድለታል። እኔና የክፍል ጓደኛዬም ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ሌላ ሰው ጀምሮ የተወውን ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ገዝተን ሥራውን ቀጠልን። ሞተሩ ከሱባሩ መኪና የወጣ ነው። የበፊቱ ባለቤት ራዲያተሩን ኮፈኑ ውስጥ አስሮት ነበር፤ ቦይ የሚባል ነገር ግን አልሠራለትም። መሬት ላይ ስናንደረድረው የውሃው ሙቀት ይወጣል እንጂ አይወርድም። አብራሪው እሱ ስለሆነ ጓደኛዬ ቸኩሏል። «አየር ላይ ስንወጣ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ መኪናም እኮ ሲሄድ ነው የሚቀዘቅዘው» ይለኛል።

አንድ ቀን ባለቤቱ ለብቻዬ አገኘችኝና «ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ አንተ ብትሆን ልጆችህን ጭነህ ትነሳበታለህ?» አለችኝ። «አሁን ባለበት አልነሳም» አልኳት። ይህ መልስ ጓደኛዬ ጆሮ ሲደርስ ለሁለት ሳምንት ያህል ተኮራረፍን። «ያስፈራኛል» ማለት ለመሐንዲስ በቂ መልስ አይደለምና በቁጥር ማሳየት ነበረብኝ።

እንግዲህ ቁጥሩን አብረን እንየው። ለእናንተ እንዲቀርብ በቦሌ አስልቼዋለሁ። ሞተሩ 75 ኪሎ ዋት ጉልበት ሲሰጥ ወደ ራዲያተሩ 50 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ይልካል ብለን እንነሳ። ይህ በአንድ ጊዜ የተጣዱ አሥራ ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣዶች እንደማለት ነው። አየሩ በራዲያተሩ ሲያልፍ በ40 ዲግሪ ይሙቅ ካልን፣ በየሰከንዱ 1.24 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። 25 ዲግሪ በሆነ ቀን የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 0.89 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ በባሕር ዳርቻ መደበኛው 1.225 ነው። ስለዚህ በየሰከንዱ 1.4 ሜትር ኩብ አየር ማሳለፍ ሊኖርብን ነው።

አሁን ግፊቱን እንመልከት። አውሮፕላኑ ተነስቶ ሽቅብ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 35 ሜትር ነው እንበል። የነፋሱ ግፊት 545 ፓስካል ይሆናል፤ በውሃ ቁመት ሲለካ አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ! በሰከንድ 60 ሜትር በአግድም ሲበር 16 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሞተሩ ብዙ ሙቀት የሚያመነጨው ግን ሽቅብ ሲወጣ ነው። ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ ወደ ደጀን የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ መኪናው የሚፈላው ዳገቱ ላይ ነው። ሾፌሩ ጥግ ይዞ፣ ከጀሪካን ውሃ ጨምሮ ይቀጥላል። አብራሪ ጥግ የሚይዝበት ቦታ የለውም።

ታዲያ አምስት ሴንቲ ሜትሯን እንዴት እንጠቀምባት? የመጀመሪያው ሕግ አየሩን ከራዲያተሩ በፊት ማዘግየት ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ግፊቱ ይጨምራል። በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የሚጠፋው ግፊት ደግሞ በግምት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በ35 ፍጥነት ከማስገባት በ8 ማስገባት እጅግ ይረክሳል። 1.4 ሜትር ኩብ በ35 ፍጥነት ለማስገባት 400 ካሬ ሴንቲ ሜትር አፍ ይበቃል፤ 20 በ20 ማለት ነው። በ8 ፍጥነት በራዲያተሩ ለማሳለፍ ግን 1,750 ካሬ ሴንቲ ሜትር ፊት ይፈልጋል፤ 50 በ35። የቦዩ አፍ የራዲያተሩን ፊት ሩብ ያህል ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ሕግ፣ ከአፉ ወደ ራዲያተሩ የሚሰፋው ክፍል በድንገት አይስፋ። ግድግዳው በድንገት ከተከፈተ አየሩ ከግድግዳው ይላቀቅና በመሐል ብቻ እየተወረወረ ያልፋል፤ የራዲያተሩ ዳርና ዳር ሥራ ፈት ይሆናል። በ1953 እ.ኤ.አ. መጽሐፋቸውን ያሳተሙት ዲትሪኽ ኩሕማንና ዮሐና ቬበር ያጠኑት እንደ መለከት አፍ የተቀለሰ ቅርጽ እስካሁን የግል ሠሪዎች መመሪያ ነው። ሦስተኛው ሕግ ቀዳዳ መድፈን ነው፤ በራዲያተሩ ጎን ሾልኮ የሚሄድ አየር ሙቀት አይሸከምም። አራተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ መውጫው። የገባ አየር መውጣት አለበት።

የእኛ ችግር አራተኛው ላይ እንደነበረ ያወቅነው በርካሽ መሣሪያ ነው። ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ በዩ ቅርጽ አጥፈን፣ ቀለም ያለው ውሃ ሞልተን፣ አንዱን ጫፍ ከራዲያተሩ ፊት፣ ሌላውን ከኋላው አደረግን። ከዚያ ጓደኛዬን አስቀምጬው አንደረደረው።  ልዩነቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ኮፈኑ እንደ ፊኛ ተነፍቷል፤ አየሩ ይገባል እንጂ አይወጣም። ጓደኛዬ ውሃውን ራሱ አይቶ ዝም አለ፤ ከዚያ «በል፣ ኮፈኑን እንፍታው» አለ። ኩርፊያው እዚያው አበቃ።

ቦዩን ለመሥራት ስምንት ወር ፈጀብን። ከታች የሚከፈትና የሚዘጋ መውጫ አደረግንለት፤ ሽቅብ ሲወጣ ይከፈታል፣ በአግድም ሲበር ይጠብባል። ሞቃት በሆነ የሐምሌ ቀን ጓደኛዬ እስከ 3,000 ሜትር ወጣ፤ የውሃው ሙቀት 98 ዲግሪ ላይ ቆመ። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ 98 ማለት መፍላት አይደለም። ክዳን ባይኖር ግን አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አትርሱ፤ ሽምብራው ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው።

ወጣቶች ብዙ ጊዜ ስለ «ሜሬዲት ውጤት» ይጠይቁኛል። እንግሊዛዊው ሜሬዲት በ1935 እ.ኤ.አ. ከራዲያተሩ የወጣ ሞቃት አየር በትክክል ከተወረወረ አውሮፕላኑን ሊገፋ እንደሚችል አሳየ። በ1940 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሙስታንግ በሆዱ ሥር የያዘው ቦይ በዚህ ታዋቂ ነው። አፉ ከሆዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተሠራውም በቆዳው ላይ የሚጎተተውን ዘገምተኛ አየር እንዳይውጥ ነው። ይህ ለእኛ ይሠራል ወይ? በሰከንድ 60 ሜትር ፍጥነት፣ ምንም ሳይባክን፣ ከሙቀቱ ወደ ግፊያ ሊለወጥ የሚችለው 0.6 በመቶ ገደማ ነው። ከ50 ኪሎ ዋት 300 ዋት ማለት ነው፤ የአንድ ምጣድ አንድ አሥረኛ አይሞላም። የድምፅን ፍጥነት ስድስት አሥረኛ ለሚበር ግን ጣሪያው 7 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ እኛ የምናተርፈው ግፊያ አይደለም፤ የአየሩን ጉተታ መቀነስና ሞተሩን ማዳን ነው።

ወደ አገራችን ልምጣ። በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን የተሠራችው «ፀሐይ» በ2024 እ.ኤ.አ. ከኢጣልያ ተመልሳለች። ሞተሯ ዋልተር ቬኑስ፣ ሲሊንደሮቹ በነፋስ የሚቀዘቅዙ ነበር፤ ራዲያተር አላስፈለጋትም። ዛሬ አውሮፕላን ልሥራ የሚል የእኛ ወጣት ግን በቅርብ የሚያገኘው የመኪና ሞተር ነው፤ ያውም በስስ አየር፣ በከፍታ ላይ። ምኞቱን ማድነቅ ጥሩ ነው። ከአድናቆቱ በፊት ግን የሚለካበት ቦታ እንስጠው።

የምለምናችሁም ይህንን ነው። መምህራን፣ ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አንድ የቦይ መሞከሪያ ጠረጴዛ አዘጋጁ፦ አሮጌ ራዲያተር፣ ጠንካራ ቬንትሌተር፣ የፍል ውሃ በርሜል፣ ኮምፔርሳቶ፣ ሁለት ቴርሞሜትርና ውሃ ያለበት ቱቦ ይበቃል። ምሩቃን ደግሞ ወጪውን እንካፈል፤ ራዲያተሩንና መለኪያዎቹን እኔ እችላለሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ውሃ ቢፈላ የሚወድቅ አውሮፕላን የለም።