ካርታው የሳተውን መንገድ ስለ ማረም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ከእናንተ ከብዙዎቻችሁ ኪስ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ይኸውም በስማርት ስልክ ላይ የሚታየው ካርታና፥ ይህንንም ካርታ ይበልጥ ትክክለኛ ለማድረግ ድሮን፥ ማለት ሰው የማይሳፈርባት ትንሽ አውሮፕላን፥ የምትሰጠው አገልግሎት ነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ርእስ ያስመረጠን አንድ ሌሊት ነው። ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር፥ በፈተና ሰሞን፥ በአዳሪ ቤት ከሚኖሩት ታናናሾቻችን አንዱ በብርቱ የሆድ ሕመም ተያዘ። ወዲያው አምቡላንስ ተጠራ። ሾፌሩ ለአካባቢው አዲስ ስለ ነበረ የስልኩን ካርታ ተከትሎ መጣ። ካርታው ግን የሚያውቀው አሮጌውን መንገድ ብቻ ነበር። ያ መንገድ ወደ ወንዙ መሻገሪያ ይወርዳል፤ መሻገሪያውን ጎርፍ ከወሰደው ግን ዓመታት አልፈዋል። አሁን ሰው ሁሉ የሚሻገርበት ድልድይ ከዚያ ከፍ ብሎ የተሠራ ሲሆን በካርታው ላይ አልነበረም። አምቡላንሱ ከወንዙ ማዶ ቆሞ መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ እኛ ከአዳሪ ቤቱ መስኮት እናየው ነበር፤ ጓደኛችንም ከኋላችን ያቃስት ነበር። በመጨረሻ ከመካከላችን ሁለቱ በዝናብ ሮጠው፥ በድልድዩ ተሻግረው፥ መኪናውን እየመሩ አመጡት። ሐኪሙም በኋላ እንደ ነገረን ሕመሙ የትርፍ አንጀት ነበረ፤ ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ይፈነዳ ነበር። ልጁ ድኖ ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጦ ይሰማናል፤ ስሙን እንዳንጠራ ስለ ለመነን አንጠራውም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ በክፍላችን አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ያን ያህል የተራቀቀ መሣሪያ በገዛ ደጃችን ያለውን ድልድይ እንዴት ሳያውቅ ቀረ? ይህን ስንመረምር የተማርነውን ባጭሩ እናስረዳለን።

የስልክ ካርታ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ የሚሠራ ነው። አንደኛው «እኔ የት ነኝ?» ለሚለው የሚሰጠው መልስ ሲሆን፥ ሁለተኛው «በዙሪያዬ ምን አለ?» ለሚለው የሚሰጠው መልስ ነው። የሁለቱ አሠራር ፈጽሞ የተለያየ ስለ ሆነ ስሕተታቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጠው ጂፒኤስ ይባላል። ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች ሰዓታቸውን እየጠቀሱ ምልክት ይልካሉ። ስልኩም ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ከእያንዳንዱ ሳተላይት ያለውን ርቀት ያውቃል፤ የአራቱን ርቀት ሲያገኝ ያለበትን ስፍራ ይወስናል። ምልክቱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ስለ ሆነ፥ ሰዓቱ በአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ እንኳ ቢሳሳት ስፍራው 300 ሜትር ይስታል። ሥርዓቱ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ስለ ነበረ ለሕዝብ የሚሰጠው ምልክት ሆነ ተብሎ ይዛባ ነበር፤ ይህ የቀረው በግንቦት ወር 2000 ነው። ዛሬ ሰማዩ በተገለጠበት ሜዳ አንድ ስልክ ስፍራውን በ5 ሜትር ያህል ልዩነት ያውቃል። በረጅም ፎቆች መካከልና በጥቅጥቅ ዛፍ ሥር ግን ምልክቱ እየነጠረ ስለሚመጣ ስሕተቱ ይበዛል።

እንግዲህ በዚያች ሌሊት ጂፒኤሱ አልተሳሳተም። ሾፌሩ የት እንዳለ አሳምሮ ያውቅ ነበር። የተሳሳተው ሁለተኛው፥ ማለት ካርታው ነው። የት እንዳለ ያወቀ ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ካላወቀ ምን ይጠቅመዋል?

የእንዲህ ያለው ስሕተት ሰለባ የእኛ መንደር ብቻ አይደለም። በ2012 አፕል የተባለው ኩባንያ አዲስ የስልክ ካርታ ባወጣ ጊዜ ስሕተቱ ስለ በዛ የኩባንያው መሪ ቲም ኩክ ሕዝቡን በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የአውስትራልያ የቪክቶሪያ ፖሊስ መንገደኞችን አስጠነቀቀ። ሚልዱራ የምትባለውን ከተማ ካርታው ከእውነተኛ ስፍራዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል አርቆ፥ ውኃ በሌለበት የዱር መጠበቂያ መካከል አስቀምጧት ስለ ነበረ ነው። ሙቀቱ 46 ዲግሪ ሊደርስ በሚችልበት በዚያ ምድር የጠፉ ሰዎች ነበሩ። ያው ኩባንያ ካርታውን ለማረም ድሮኖችን ሊያሰማራ እንዳሰበ በ2016 ዜና ተሰማ። እኛንም ስለ ድሮን እንድንመረምር ያነሣሣን ይህ ዜና ነው።

ስለ ካርታ ሥራ ስናስብ ከአየር ላይ ማየት አዲስ ነገር አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። በአገራችንም ከ1963 እስከ 1971 የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሥራ ቡድን ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ እያነሣ ብዙ ደክሟል። ነገር ግን ትልቅ አውሮፕላን ማሰማራት ገንዘብ የሚበላ ስለ ሆነ በየዓመቱ የሚደገም አይደለም። ሳተላይትም ቢሆን ጉድለት አለው። ከገበያ ከሚገኙት የሳተላይት ፎቶግራፎች ጥሩ የሚባሉት አንዷ ነጥብ 30 ሳንቲ ሜትር የምታህል ናት፤ ደመና ሲኖር ምድሩ አይታይም። እንደ እኛ አገር ባለ ተራራማ ስፍራም ፎቶግራፉ ከእውነተኛው ቦታ በብዙ ሜትር ሊንሸራተት ይችላል። ከሁሉም በላይ አንድ የገጠር ስፍራ ፎቶግራፉ እስኪታደስ ድረስ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ድልድያችንም የጠፋው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

ድሮን ይህን ጉድለት የምትሞላው እንዴት ነው? ድሮን ከደመና በታች በ100 ሜትር ከፍታ ያህል ትበርራለች። ገበሬ በሬ ጠምዶ እርሻውን ትልም በትልም እንደሚያርስ፥ እርስዋም ሰማዩን እየተመላለሰች ፎቶግራፍ ታነሣለች። ከዚህ ከፍታ የተነሣ ፎቶግራፍ አንዷ ነጥብ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለምትሆን የድልድይ ጠርዝና የቦይ አፍ እንኳ ይለያል።

የሥራው ምሥጢር ፎቶግራፎቹ መደራረባቸው ነው። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከሚቀጥለው ጋር ከመቶ 70 እጅ ወይም ከዚያ በላይ ይደራረባል። ለምን ቢባል፥ እስቲ ጣታችሁን በፊታችሁ አቁማችሁ አንድ ጊዜ በቀኝ ዐይናችሁ፥ አንድ ጊዜም በግራ ዐይናችሁ ብቻ እዩት። ጣቱ ከቦታው የሚዘል ይመስላል፤ የቀረበው ብዙ፥ የራቀው ጥቂት ይዘላል። አእምሯችን ርቀትን የሚለካው በዚህ ልዩነት ነው። ኮምፒዩተርም አንዱን ቤት በብዙ ፎቶግራፎች ላይ አይቶ፥ ልዩነቱን አስልቶ የቤቱን ቦታና ቁመት ያወጣል። በመጨረሻም ፎቶግራፎቹን ሁሉ ሰፍቶ ልክ እንደ ካርታ የሚለካ አንድ ትልቅ ሥዕል ያደርጋቸዋል። ነገር ግን ሥዕሉ በትክክለኛ ስፍራው እንዲቀመጥ፥ አስቀድሞ በምድር ላይ ምልክቶች ተተክለው በጥሩ መሣሪያ ይለካሉ። ይህ ካልተደረገ ሥዕሉ በራሱ ያማረ ሆኖ ሳለ በሙሉው ወደ አንድ ወገን ሊሸሽ ይችላል።

የዚህ ሥራ ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው እዚሁ በአፍሪቃ፥ በታንዛንያ ነው። በዳሬ ሰላም ከተማ ያለ ዕቅድ የተሠሩ መንደሮች ብዙዎች ናቸው፤ ዝናብ ሲበረታም ጎርፍ ይጎዳቸዋል። በ2015 «ራማኒ ሁሪያ»፥ ማለት በስዋሂሊ ቋንቋ «ክፍት ካርታ»፥ የተባለ ሥራ ተጀመረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የመንደሩ ነዋሪዎች በድሮን የተነሣውን ፎቶግራፍ ይዘው ቤቱን፥ መንገዱን፥ የውኃ መውረጃ ቦዩን በካርታ ላይ አሰፈሩ። በ2016 ደግሞ በዛንዚባር የመሬት ኮሚሽንና የዛንዚባር መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ በእጅ ተወርውረው በሚነሡ ትንንሽ ድሮኖች ከ2,300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የደሴቶቹን ምድር ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመሩ። እኛን እጅግ ያስደሰተን ድሮኖቹን ያበረሩት ከእኛ በዕድሜ ብዙ የማይበልጡ የአገሩ ልጆች መሆናቸው ነው።

ይሁን እንጂ የድሮንን ምስጋና ብቻ ተናግረን ብንቀመጥ እውነቱን አጉድለናል። ድሮን በነፋስና በዝናብ አትሠራም፤ ባትሪዋም ብዙ ጊዜ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ጣራን ታያለች እንጂ ከጣራው በታች ያለው ክሊኒክ ይሁን ወፍጮ ቤት ለይታ አታውቅም። ሰው በግቢው ውስጥ ሳያውቅ ፎቶግራፍ መነሣቱም ክብሩን ይነካል፤ ስለዚህ የመንደሩን ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው። በአገራችንም ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማስገባትና ማብረር የተከለከለ ነው። ደግሞም ይህ ቃል ለብዙ ወገኖቻችን ጦርነትን የሚያስታውስ መሆኑን አንዘነጋም። የድምፅዋ ጉርምርምታ እናትን የሚያስደነግጥ ከሆነ፥ ካርታ ልንሠራ መጣን ማለት ብቻ አይበቃም። መሣሪያ የያዘ ሰው አስቀድሞ መታመን አለበት።

እኛ ድሮን የለንም፤ ስለ ሌለንም እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረ፥ ማንም ሰው ሊጨምርበትና ሊያርመው የሚችል «ኦፕን ስትሪት ማፕ» የተባለ የዓለም ካርታ አለ። በ2010 በሃይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የፖርቶ ፕሪንስን መንገዶች በዚህ ካርታ ላይ በጥቂት ቀን ውስጥ ሥለው ለረድኤት ሠራተኞች አቅርበዋል። እኛም ከመምህራችን ፈቃድ አግኝተን፥ በሁለት ስልኮች ሦስት ቅዳሜ ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥተን ድልድዩን፥ ጤና ጣቢያውን፥ ምንጩንና ገበያውን እየዞርን መዘገብን።

ስሕተታችንንም አንደብቅም። በመጀመሪያው ቅዳሜ በባሕር ዛፉ ሥር ስንሄድ የጂፒኤሱ መስመር ተጣሞ፥ በካርታው ላይ ስናየው ሁላችንም በወንዝ ውስጥ የሄድን መስሎ ተገኘ። ተሳስቀን በማግስቱ ቅዳሜ ደገምነው። ከዚያም በወንዙ ስም ተከራከርን፤ ግማሾቻችን አንድ ስም፥ ግማሾቻችን ሌላ ስም እንጠራው ነበር። ክርክሩን የፈረዱልን ውኃ ይቀዱ የነበሩ አንዲት እማማ ናቸው። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ከድልድዩ በላይ ያለው አንድ ስም አለው፥ በታች ያለውም ሌላ ስም አለው» አሉን። ይህን ድሮንም ሳተላይትም ሊነግረን አይችልም ነበር። ካርታ የሚሟላው ከላይ የሚያይ ዐይንና ከታች የሚያውቅ ሰው ሲገናኙ መሆኑን በዚያ ቀን ተማርን።

ዛሬ ድልድያችን በዚያ ካርታ ላይ ይታያል። ነገር ግን የአምቡላንሱ ሾፌር ይከተለው የነበረው ካርታ ሌላ ነው፤ ለእርሱም እርማቱን ልከናል፥ መልስ እየጠበቅን ነው። እስከዚያው ግን ወላጆቻችን ወደዚህ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ መንገዱን በቃልም እንድትነግሩልን እንለምናለን።

መምህሮቻችን ሆይ፥ የጂኦግራፊና የሒሳብ ትምህርት እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ሲውል ምን ያህል እንደሚጥም አይተናል፤ ለሚከተሉን ክፍሎችም እንዲሰጣቸው እንጠይቃለን። ፈቃድ ያለው መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ድሮን ይዞ ወደ አካባቢያችን ቢመጣ፥ ምልክት የሚተክሉና ስም የሚነግሩ ልጆች ተዘጋጅተው ቢጠብቁት ደስ ይለናል።

ታናናሾቻችን ሆይ፥ እኛ በዚህ ዓመት መሄዳችን ነው። መንገድ ግን በየክረምቱ ይለወጣል፤ ካልታደሰ ካርታ ደግሞ ያለ ካርታ መሄድ ሳይሻል አይቀርም፤ ያለ ካርታ የሚሄድ ሰው ቢያንስ መንገድ ይጠይቃልና። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደ ተባለው፥ ሥራው ለሁላችሁ ቢከፋፈል ቀላል ነው። የጻፍንበትን ደብተር ለ11ኛ ክፍል አለቃ ዛሬ እናስረክባለን። የቀሩት ስፍራዎች በመጨረሻው ገጽ ተጽፈዋል፤ ከሁሉ አስቀድማችሁ ከወፍጮ ቤቱ በስተ ጀርባ ያለውን መንገድ ተመልከቱ፥ በዚያ ወገንም ሌሊት የሚታመም ሰው ይኖራልና።