ስለ ኮሎስቶሚ ከረጢት አያያዝና ስለ ቆዳ መቆጣት ለሰፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በአደባባይ የማይነገር፣ በቤት ውስጥም በሹክሹክታ ብቻ የሚወራ ነው። ይሁን እንጂ ሰው የሚሰቃየው በሕመሙ ብቻ ሳይሆን ዝም በማለቱም ጭምር ስለሆነ፣ በግልጽ መነጋገሩን መርጠናል። በስብሰባው ያልተገኘ ሰው እንዲያነበውም ንግግሩን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፈነዋል።

ኮሎስቶሚ ማለት የትልቁ አንጀት ጫፍ በቀዶ ጥገና ወደ ሆድ ላይ ወጥቶ ሰገራ በዚያ በኩል እንዲወጣ የሚደረግበት ሕክምና ነው። ሰገራው ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል። ለዚህ የሚያደርሱ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። በአገራችን፣ በተለይም በሰሜኑ ክፍል፣ ከታወቁት የአንጀት መዘጋት ምክንያቶች አንዱ የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ነው። የተጠመዘዘው አንጀት ሞቶ ከተገኘ ሐኪሙ የሞተውን ቆርጦ ያወጣና አንዳንድ ጊዜ ቀሪውን ጫፍ ሆድ ላይ ያወጣዋል። የፊንጢጣ ካንሰር፣ የጥይትና የመኪና አደጋም ለዚህ ያደርሳሉ። ፊንጢጣቸው ሳይከፈት የሚወለዱ ሕፃናትም አሉ። እንግዲህ ነገሩ ሕይወት የተረፈበት መንገድ ነው እንጂ የእርግማን ምልክት አይደለም። ለብዙዎችም ጊዜያዊ ነው፤ ሐኪሙ የሚመለስ ነው ካለ ከወራት በኋላ አንጀቱ ተመልሶ ይቀጠላል። ስለዚህ ቀጠሮ አይዘንጋ።

የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ በከረጢቱ ሥር ያለው ቆዳ መቃጠል የለበትም። ብዙ ሕመምተኞች «ቀዳዳው ያለበት ቦታ መቼም ማቃጠሉ አይቀርም» ብለው ጥርሳቸውን ነክሰው ይኖራሉ። ይህ ስህተት ነው። ጤነኛ የሆነው የአንጀት ጫፍ ቀይና እርጥብ ነው፤ እንደ ከንፈር ውስጥ ሥጋ ማለት ነው። ሲነካ ሕመም አይሰማውም፤ ሲታጠብ ጥቂት ደም ቢያሳይም አያስደነግጥም። በዙሪያው ያለው ቆዳ ግን ሌላውን የሆድ ቆዳ መምሰል አለበት። ከቀላ፣ ካሳከከ፣ ካቃጠለ ወይም ከላጠ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ምክንያቱ ሰገራ ከተለጣፊው ሥር ገብቶ ቆዳውን መንካቱ ነው።

ታዲያ ለምን ይገባል? ዋናው ምክንያት የልክ ጉዳይ ነው። አዲስ የወጣ የአንጀት ጫፍ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያበጠ ነው፤ ከ6 እስከ 8 ባሉት ሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የተቆረጠው ልክ በአምስተኛው ሳምንት ይሰፋል፤ በሰፋው ቦታ ያለው ቆዳ ራቁቱን ይቀርና ሰገራው ያቃጥለዋል። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት በየሳምንቱ መለካት ያስፈልጋል። በተለጣፊው ላይ የሚቆረጠው ቀዳዳ ከአንጀቱ ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሰፋ ያለ ይሁን። ከዚያ የጠበበ ከሆነ ደግሞ የአንጀቱን ጫፍ ይፈገፍገዋል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ከረጢቱ ሲሶው ወይም ቢበዛ ግማሹ ሲሞላ ይደፋ። እስኪሞላ ከተጠበቀ ክብደቱ ተለጣፊውን ጎትቶ ይነቅለዋል። በአየር ሲነፋም እንዲሁ አየሩን ማስወጣት ነው።

ሁለተኛ፣ ተለጣፊው ሲነሳ በአንድ እጅ ቆዳውን ጫን እያሉ በሌላው እጅ ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርጎ ማላቀቅ ይገባል። በኃይል የሚመነጨቅ ሰው የራሱን ቆዳ አብሮ ይልጣል። በየ3 ወይም በየ4 ቀኑ መቀየር ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ካፈሰሰ ወይም ካሳከከ ግን ያኔውኑ ነው የሚቀየረው። የሚያፈስን ከረጢት በፕላስተር ላይ በላይ መለጠፍ ሰገራውን ቆዳው ላይ አፍኖ መያዝ ነው፤ ይህን ፈጽሞ አታድርጉ።

ሦስተኛ፣ ቆዳውን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ ይበቃል። አልኮልና ሳቭሎን አይነካው። ሳሙና ካስፈለገ ቅባት የሌለው ይሁን፤ በሚገባም ይለቅለቅ። ከዚያም በደንብ ይድረቅ። ቫዝሊን፣ ቅባትና የሕፃናት ፓውደር ከተለጣፊው በፊት አይቀቡም፤ ተለጣፊው አይይዝማ! ፀጉር ካለ በመቀስ ይከርከም።

አራተኛ፣ ተለጣፊውን ከመለጠፍ በፊት በመዳፍ ያዝ አድርጎ ማሞቅ፣ ከተለጠፈ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ በእጅ ጫን ብሎ መያዝ ጥሩ አድርጎ ያጣብቀዋል።

ወደ እኛ አገር እንመለስ። የከሚሴን ሙቀት ሁላችንም እናውቀዋለን። ላብ ተለጣፊውን ቶሎ ያላቅቃል፤ እርጥበትና ሙቀት ባለበት ቦታ ደግሞ ፈንገስ ይራባል። በተለጣፊው ሥር የሚያሳክክ ቅላት ወጥቶ በዳር በዳሩ ትናንሽ ነጠብጣብ ሽፍታ ከታየ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ለጤና ባለሙያ ይታይ፤ መድኃኒት አለው። ከረጢቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ከሆድ ጋር እንዳይጣበቅ በመካከሉ ስስ የጥጥ ጨርቅ ማድረግ ይረዳል። ትርፍ ከረጢቶችን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሙቀት በሚበዛበት ቦታ ወይም በመስኮት ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ማጣበቂያውን ያበላሸዋል። በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ፣ ከእንሥራው አጠገብ ግን ውኃ በማይነካው ቦታ ይቀመጡ።

ከረጢት ማግኘት ራሱ ችግር መሆኑን አንደብቅም። ደሴ ድረስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚፈልግ አለ። ስለሆነም ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት የከረጢቱን ዓይነትና ልክ በወረቀት አስጽፉ፤ ከየት እንደሚገኝም ጠይቁ። ባዶውን ማሸጊያ አትጣሉት። ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ማሸጊያውን ብታስይዙት ፋርማሲው ውስጥ ሌላ ዓይነት አይገዛላችሁም።

ከረጢቱ ጭራሽ ሲጠፋ ሰው ጨርቅና ፌስታል እንደሚያስር ይታወቃል። እንዲህ ካጋጠመ ነገሩ ይገለበጣል። የሚጣበቅ ነገር ስለሌለ ቆዳውን ዚንክ ኦክሳይድ በሚባለው ቅባት ወይም በቫዝሊን መሸፈን ይከላከልለታል። በላስቲክ ወይም በገመድ አጥብቆ ማሰር ግን አንጀቱን ሊጎዳ ይችላል። ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ይለወጥ፣ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ።

ስለ ምግብም ትንሽ እንበል። ባቄላ፣ ጎመንና ሽንኩርት አየር ያበዛሉ፤ ይህ ማለት ይከልከሉ ሳይሆን ወደ ሰው መሐል በሚወጣበት ቀን ይቀነሱ ማለት ነው። በደንብ አኝኮ መዋጥና ውኃ መጠጣት ይገባል። ጫት ሆድ እንደሚያደርቅ የሚቅሙ ሰዎች ራሳቸው ያውቁታል፤ ሰገራ ሲደርቅ ደግሞ ከከረጢቱ አፍ ላይ ተከምሮ ወደ ተለጣፊው ሥር ይገባል።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ የአንጀቱ ጫፍ ሲጠቁር ወይም ሲጠይም፣ ምንም ሳይወጣ ቀርቶ ሆድ ሲነፋና ማስመለስ ሲመጣ፣ ደም ከውስጥ ሲፈስ፣ አንጀቱ ከወትሮው እጅግ ረዝሞ ሲወጣ። ቆዳው ቆስሎ ተለጣፊው አልይዝ ሲልም በቶሎ ለጤና ባለሙያ መታየት ነው።

የመጨረሻው ነገር እኛን ጎረቤቶችን ይመለከታል። በ1954 እ.ኤ.አ. ኤሊሰ ሶረንሰን የተባለች ዴንማርካዊት ነርስ ተለጣፊውን ከረጢት ያሰበችው እህቷ ቶራ ከቀዶ ጥገና በኋላ «ቢያፈስብኝስ» ብላ ከቤት መውጣት በመፍራቷ ነበር። እንግዲህ ከረጢቱ የተፈጠረው ሰው ከሰው እንዳይለይ ነው። በአገራችንም የፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ናቸው፤ ይኸው ድርጅት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባቋቋመው ደስታ መንደር በከረጢት የሚገለገሉ ሴቶች ሥራ ተምረው ሠርተው ኖረዋል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? በእድር ሆነ በሠርግ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ለመጸዳጃ ቤቱ ቀረብ ያለ ቦታ እንስጠው፤ ውኃና ሳሙናም እናዘጋጅ። ምን ሆንክ ብለን አናፋጠው። «ንጽሕናዬ አይበቃም» ብሎ ከመስጊድ የቀረም ካለ ሸኾቻችንን ይጠይቅ፤ ፍሳሹን መቆጣጠር ለማይችል ሰው በውዱእና በሶላት ላይ ማቃለያ እንዳለ የሃይማኖቱ ሊቃውንት ያስተምራሉ። ክርስቲያኑም የንስሐ አባቱን ያማክር። ጾምን በተመለከተ ደግሞ ሐኪሙም ይጠየቅ።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለ ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ «ቆዳህ ያቃጥልሃል ወይ?» በሉት። አዎ ካለ ልኩ ይለካ፣ ከረጢቱ ይቀየር፣ ካልተሻለውም ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ብቻውን መሄድ ካፈረ አንዳችን አብረነው እንሄዳለን።